መሥሪያ ቤት ከተሰጠው ሥልጣን ሲያልፍ፦ የፍርድ ቤት ክለሳ ለተገልጋዩ ያለው ፋይዳና ወሰኑ

«መመሪያው አይፈቅድም» የሚለውን መልስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የቆመ ባለጉዳይ ሁሉ አንድ ቀን ሳይሰማው አይቀርም። መልሱ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መመሪያ የሌለበት አሠራር ለመሥሪያ ቤቱም ለሕዝቡም አይበጅም፤ ዛሬ ለአንዱ የተፈቀደው ነገ ለሌላው የሚከለከልበት ምክንያት አይታወቅምና። ይሁን እንጂ ይህ አጭር መልስ ሦስት ጥያቄዎችን ያስከትላል። የተባለው መመሪያ በእርግጥ አለ ወይ? ያወጣው አካል እንዲያወጣው በሕግ ሥልጣን ተሰጥቶታል ወይ? በባለጉዳዩ ላይ ተፈጻሚ የተደረገውስ ሕጉ ባዘዘው ሥርዓት ነው ወይ?

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አንድ ተራ ተገልጋይ ለፍርድ ቤት የሚያቀርብበት ግልጽ መንገድ በሀገራችን ለረጅም ዘመን አልነበረም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከታወጀ ወዲህ ግን የአስተዳደር ተቋማት ያወጧቸውን መመሪያዎችም ሆነ የሰጧቸውን ውሳኔዎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከልስ ሥልጣን ተሰጥቶታል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት ቢቆጠሩም በተገልጋዩ ዘንድ ያለው ግንዛቤ ገና አልጠራም። ክለሳን እንደ ተራ ይግባኝ የሚያየው ብዙ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ተቀምጦ ፈቃዱን ወይም ካርታውን የሚሰጥ የሚመስለውም አለ። ይህ አረዳድ ባለጉዳዩን ጊዜና ገንዘብ ያስወጣዋል፤ አልፎም በእጁ ያለውን ጠንካራ ክርክር ትቶ ደካማውን ይዞ እንዲቀርብ ያደርገዋል።

ጉዳዩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት፣ ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 79 ደግሞ የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ መሆኑን ያረጋግጣል። መሠረቱ የተጣለው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም መሠረት ብቻውን ቤት አይሆንም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የተዘጋጀው በዋናነት በግለሰቦች መካከል የሚነሱ ክርክሮችን ታሳቢ አድርጎ በመሆኑ፣ የአንድን ባለሥልጣን ውሳኔ ሕጋዊነት ለመመርመር የሚያስችል ራሱን የቻለ ሥርዓት አልዘረጋም። በዚህ ላይ አንዳንድ ሕጎች ለመሥሪያ ቤቶች ሥልጣን ሲሰጡ የተቋሙ ውሳኔ የመጨረሻ እንደሚሆን ጨምረው ይደነግጉ ነበር።

ከእነዚህ መካከል በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ እጅግ ያከራከረው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞችን አስተዳደር ለመወሰን በሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጣው ደንብ ቁጥር 155/2000 ነው። የደንቡ አንቀጽ 37 ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል ከሥራ እንዲያሰናብት ሥልጣን ይሰጠው ነበር። በዚህ ሁኔታ የተሰናበተ ሠራተኛም በየትኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራው የመመለስ መብት እንደማይኖረው ይደነግግ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በር የሚከፍት፣ የደንቡ አንቀጽ 37 ደግሞ በር የሚዘጋ ሆነው እናገኛቸዋለን። ከዚሁ ድንጋጌ የተነሳው ክርክር እስከ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ድረስ የሄደ ነው።

ድንጋጌው ሊያሳካ የፈለገው ዓላማ ግልጽ ነው። በቀረጥና በግብር ዙሪያ የሚፈጸም ሙስና ሀገርን የሚጎዳ፣ በማስረጃ ለማረጋገጥም አዳጋች በመሆኑ ኃላፊው ፈጣን እርምጃ እንዲወስድ ማስቻል ነበር። ችግሩ ያለው ሥልጣኑ በተሰጠበት መለኪያ ላይ ነው። «እምነት ማጣት» በባለሥልጣኑ ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከውጭ ሆኖ የሚመረምር ዳኛ ቢኖር እንኳን የሚመዝነው ፍሬ ነገር ማግኘት ይቸግረዋል፤ ደንቡ ደግሞ መርማሪውንም አስቀርቶታል። አንድ ሥልጣን በሕግ ሲሰጥ ወሰኑ አብሮ ካልተጻፈ፣ ወይም ወሰኑን የሚጠብቅ አካል ከሌለ፣ ሥልጣኑ ከሕግ የመነጨ መሆኑ ብቻ ለተገልጋዩም ለሠራተኛውም ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ችግር የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር በውጭ ለተወረሱ ንብረቶች ካሣ የሚወስን ኮሚሽን የሚሰጠው ውሳኔ በማናቸውም ፍርድ ቤት ጥያቄ እንዳይነሳበት በሕግ ተደንግጎ ሳለ፣ የሀገሪቱ ከፍተኛው የዳኝነት አካል እ.ኤ.አ. በ1969 «አኒስሚኒክ» በተባለ ኩባንያ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ከሥልጣን ወሰን ውጭ የተሰጠ ውሳኔ በሕግ ፊት እንዳልተሰጠ ስለሚቆጠር ክልከላው አይከላከልለትም ብሏል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሕጉ ጥበቃ ያደረገው ለ«ውሳኔ» ነው፤ ያለ ሥልጣን የተሰጠው ግን ከመነሻው ውሳኔ አይደለም። በእንግሊዝ ይህን መንገድ የጠረጉት ዳኞች ሲሆኑ፣ በእኛ ሀገር ግን መንገዱን በዋናነት የከፈተው ሕግ አውጪው በአዋጅ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተፈጻሚ የሚሆነው በፌዴራል መንግሥት አስፈጻሚ አካላትና ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት በሆኑ የከተማ አስተዳደሮች፣ ማለትም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ አስፈጻሚ አካላት ላይ ነው። ይዘቱ በሁለት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው ተቋማት በውክልና በተሰጣቸው ሥልጣን መመሪያ የሚያወጡበት ሥርዓት ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ባለጉዳይ ላይ ውሳኔ የሚሰጡበት ሥርዓት ነው። የፍርድ ቤቱ ክለሳም እነዚህን ሁለቱን ይመለከታል።

መመሪያን በተመለከተ አዋጁ ያመጣው ለውጥ ብዙ ተገልጋዮች ከሚገምቱት በላይ ጥልቅ ነው። አንድ ተቋም መመሪያ ማውጣት የሚችለው በሕግ ሥልጣን ሲሰጠው ብቻ ነው። ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል ይኖርበታል። መመሪያው ሲጠናቀቅም ቀድሞ በፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ዛሬ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት በተተካው በፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለሕዝብም ይፋ ይሆናል። ያልተመዘገበና ይፋ ያልሆነ መመሪያ ተፈጻሚነት አይኖረውም። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት በሥራ ላይ የነበሩ መመሪያዎችም እንዲመዘገቡ ታዟል።

ይህ ድንጋጌ የቢሮ ሥራ ሥርዓት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት ግን በአዋጁ ውስጥ ለተራው ተገልጋይ ከተሰጡት መሣሪያዎች ሁሉ ስለታሙ ይኸኛው ነው። ምክንያቱም ለመጠቀም የሕግ ዕውቀት አይጠይቅም። «የመመሪያው ቁጥር ስንት ነው? የትስ ላገኘው እችላለሁ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ጥያቄው ሲቀርብ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው መልስ መመሪያ ሳይሆን ከበላይ የወረደ ሰርኩላር ደብዳቤ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባዔ ወይም የቃል ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤት የውስጥ አሠራሩን በደብዳቤ ማስተካከሉ ነውር የለበትም። ነገር ግን ደብዳቤው በውጭ ባለው ተገልጋይ ላይ አዲስ ግዴታ የሚጥል ወይም መብቱን የሚያጠብ ከሆነ፣ ርእሱ «ሰርኩላር» መባሉ ብቻ ከአዋጁ ሥርዓት ነፃ ያወጣዋል ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ቢፈቀድ ኖሮ የምዝገባው ግዴታ ሁሉ ርእስ በመቀየር ብቻ በቀረ ነበር።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንዲት እናት አሉ እንበል። ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ሲሄዱ ወፍጮ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቶች የሚፈለገውን ርቀት ባለመጠበቁ እንደማይታደስ በቃል ይነገራቸዋል። እኚህ እናት ወደ ፍርድ ቤት ቢሄዱና «ወፍጮዬ ጎረቤት አይረብሽም፤ ለሃያ ዓመት ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው» ብለው ቢከራከሩ፣ እውነታቸው የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን ክለሳ ለሚያደርገው ችሎት እምብዛም አይጠቅምም። የወፍጮ ድምፅ ምን ያህል ርቀት ላይ ይረብሻል የሚለው የመሥሪያ ቤቱ የሙያና የፖሊሲ ጉዳይ ነው፤ ዳኛው ከባለሙያው የተሻለ የሚያውቅበት ምክንያት የለም።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን እንየው። የርቀቱ መጠን የተወሰነው በየትኛው መመሪያ ነው? መመሪያው ተመዝግቧል? ለመሥሪያ ቤቱ የማቋቋሚያ ወይም የንግድ ፈቃድ ሕጉ ርቀት የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶታል ወይስ ይህ ሥልጣን የሌላ ተቋም ነው? ርቀቱ ሲለካ ባለፈቃዷ ተገኝተው ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ዕድል አግኝተዋል? ውሳኔው ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ ተሰጥቷቸዋል? ውሳኔውን የሰጠው ኃላፊ በጉዳዩ የራሱ ጥቅም የለበትም? እነዚህ ሁሉ የሕጋዊነት ጥያቄዎች ናቸው፤ ዳኛውም ሊመልሳቸው የተሾመው እነዚህን ነው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ለባለጉዳይዋ የሚመለስ ቢሆን ውሳኔው ሊፈርስ ይችላል። ስለ ወፍጮው ድምፅ አንድም ቃል ሳይነሳ ማለት ነው።

የክለሳ ዋናው ወሰን እዚህ ላይ ይታያል። ፍርድ ቤቱ ጉድለት ያገኘበትን ውሳኔ ሲሽር ጉዳዩ በሥርዓቱ መሠረት እንደገና እንዲታይ በአብዛኛው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ከላይ የጠቀስናቸው እናት ፍርድ ቤት ረትተው ሲመለሱ፣ መሥሪያ ቤቱ በዚህ ጊዜ በተመዘገበ መመሪያ ላይ ተመሥርቶ፣ እሳቸውንም ሰምቶ፣ ምክንያቱንም ጽፎ ያንኑ የቀድሞ መልስ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህን ሳይነግሩ ባለጉዳይን ወደ ክርክር መላክ ተገቢ አይደለም። ታዲያ ይህን ያህል ደክሞ ምን ተገኘ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ሆኖም በሥርዓቱ መሠረት የተሰማ ባለጉዳይ በአብዛኛው ይዞት የሚቀርበው ማስረጃ ባልተሰማበት ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ያላየው ነው። ምክንያቱን ለመጻፍ የተገደደ ኃላፊም በቃል ሲናገረው ቀላል የነበረው ነገር በወረቀት ላይ ሲሰፍር እንደማይቆም የሚገነዘብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ሥርዓት አሟጦ መጠቀም ያስፈልጋል። ይህ ባለጉዳዩን ለማንከራተት የተቀመጠ እንቅፋት አይደለም፤ ብዙ ስሕተት ያለ ክርክር የሚታረምበት ደረጃ ነው። ቅሬታ አቅርቦ መልስ ያላገኘ ወይም በመልሱ ያልረካ ሰው ቀኑን ሳያሳልፍ ማመልከቻውን ማቅረብ አለበት፤ የክለሳ ማመልከቻ በጊዜ ገደብ የታጠረ ነውና። ውሳኔው በእጁ በገባ ቀን ወደ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ቀርቦ ወይም የሕግ ባለሙያ አማክሮ የመጨረሻውን ቀን ማረጋገጥ ብልህነት ነው። ማመልከቻ መቅረቡ ብቻውን የውሳኔውን አፈጻጸም ያቆማል ብሎ መዘናጋትም አይገባም። ቤት ሊፈርስ ወይም ዕቃ ሊሸጥ ከሆነ የእግድ ጥያቄ ከዋናው ማመልከቻ ጋር አብሮ መቅረብ አለበት፤ ከፈረሰ በኋላ የሚገኝ ፍርድ ግድግዳውን አያቆመውም።

ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት አንዳንድ ጉዳዮች በልዩ ሕግ የራሳቸው መንገድ የተበጀላቸው መሆኑ ነው። የግብር ውሳኔን የሚቃወም ግብር ከፋይ በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በቅድሚያ ቅሬታውን ለታክስ ባለሥልጣኑ፣ ቀጥሎም ይግባኙን ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ በሕግ ነጥብ ላይ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚነሳ ቅሬታም እንዲሁ አቤቱታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ አካላት አሉት። በእነዚህ ጉዳዮች ልዩውን መንገድ ዘልሎ በቀጥታ በክለሳ መምጣት አቤቱታው በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብቻ እንዲዘጋ ሊያደርገው ይችላል።

በተግባር የክለሳ ክርክር የሚረታውም ሆነ የሚሸነፈው ፍርድ ቤት ከመደረሱ ብዙ ቀደም ብሎ በመስኮቱ ፊት ነው። በቃል ጠይቆ በቃል የተመለሰ ሰው ለዳኛው የሚያሳየው ውሳኔ የለውም። መሥሪያ ቤቱ ቀርቦ «እኛ አልከለከልንም፤ ማመልከቻም አልደረሰንም» ቢል የሚያፈርስበት ማስረጃ ያጣል። ስለዚህ ጥያቄን በጽሑፍ ማቅረብ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ አስደርጎ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ መያዝ፣ መልሱም ምክንያቱን በያዘ ጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጽሑፍ ምክንያቱን የያዘ ውሳኔ መስጠት የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ እንጂ ለባለጉዳዩ የሚደረግ ውለታ አይደለም። በጽሑፍ መልስ የሚጠይቅን ባለጉዳይ እንደ ነገረኛ የሚያይ ሠራተኛ ካለም የተሳሳተው እሱ ነው። በሥርዓቱ የሠራ ሠራተኛን ነገ በችሎት የሚከላከልለት ያ ጽሑፍ ነውና።

በፍርድ ቤት ለመከራከር አቅም ወይም ፍላጎት የሌለው ሰው የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል ሲል አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። ተቋሙ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱን የሚያስገድድ ፍርድ ግን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ቅሬታው መሥሪያ ቤቱ የተመሠረተበትን አዋጅ ወይም የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ደንብ ራሱን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚል ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥትን የመተርጐም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመሆኑ አቤቱታው በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ በኩል ይቀርባል። የክልል መሥሪያ ቤት በሰጠው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰውም አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን መሠረት አድርጎ መቅረብ አይችልም፤ ጉዳዩ የሚመራው ክልሉ ባወጣው ሕግ በመሆኑ በቅድሚያ የክልሉን ፍትሕ ቢሮ መጠየቅ ይኖርበታል።